የባቄላና የባክቴሪያ መቀናጆ



ዛሬ የምናነበው ስለ ባቄላ ነው። «ባቄላን ደግሞ ማን የማያውቀው አለ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው። የደባርቅና የዳባት ሰው ባቄላን ለማወቅ አስተማሪ አያሻውም። እሸቱን በልጅነቱ በልቶታል። ቆሎውንና ንፍሮውን ያውቃል። ጾም ሲገባ ሽሮው የቤቱ ወጥ ነው። ነገር ግን እኛ የምናውቀው የባቄላን ግማሽ ነው። የምናውቀው ከአፈር በላይ ያለውን ነው። ዛሬ ከአፈር በታች ያለውን እናያለን።

አስቀድሜ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በአንድ ማሳ ላይ ገብስ በገብስ፣ ገብስ በገብስ እያደረጋችሁ ሦስት አራት ዓመት ብትዘሩ ምን ይሆናል? መሬቱ ይደክማል። ገብሱ ይቀጭጫል፤ ቅጠሉም ይገረጣል። ስለዚህ አባቶቻችን መሬቱን ጾም ያሳድሩት ነበር። አለዚያም ባቄላ ወይም አተር ይዘሩበት ነበር። በማግሥቱ ዓመት ገብሱ አምሮ ይበቅላል።

ይህን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ግን ምክንያቱ ምንድን ነው? ባቄላም እኮ እንደ ገብስ ከአፈር ይመገባል። ታዲያ አንዱ በልቶ ያደከመውን መሬት፣ ሌላው በልቶ እንዴት ያበረታዋል?

መልሱ ባቄላ ብቻውን የማይሠራ መሆኑ ላይ ነው። ባቄላ መቀናጆ አለው።

መቀናጆ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ጥማድ አይሞላለትም፤ ማረስም አይችልም። ጎረቤቱም አንድ በሬ አለው። ሁለቱ ይስማሙና በሬዎቻቸውን ያቀናጃሉ። ዛሬ የአንዱን ማሳ ያርሳሉ፤ ነገ የሌላውን። ይህ ምጽዋት አይደለም። ብድርም አይደለም። ለአንዱ የጎደለው በሌላው እጅ ስላለ የሚደረግ ስምምነት ነው።

የባቄላ መቀናጆ ባክቴሪያ ይባላል። ባክቴሪያ በዓይን የማይታይ፣ ነፍስ ያለው፣ እጅግ ትንሽ ፍጥረት ነው። ባክቴሪያ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሽታን ነው። በሽታ የሚያመጡ በእርግጥ አሉ። ነገር ግን ወተታችንን የሚያረጉትም ባክቴሪያዎች ናቸው። ዓይነታቸው ብዙ ነው፤ ሥራቸውም እንደዚያው።

አሁን ደግሞ አንድ አዲስ ቃል እናንብብ። ቀስ ብላችሁ አንብቡት፦ ና፣ ናይት፣ ናይትሮ፣ ናይትሮጅን። ይህ ቃል ዛሬ ደጋግሞ ይመጣል። ናይትሮጅን ለተክል ከዋነኞቹ ምግቦች አንዱ ነው። ያለ እርሱ ቅጠል አይለመልምም፤ ፍሬም አይሞላም። የሰው ሥጋም ያለ እርሱ አይገነባም። ዩሪያ የምንለው ማዳበሪያ ለመሬት የሚሰጠው ይህንኑ ናይትሮጅን ነው።

ናይትሮጅን የት ይገኛል? እዚሁ አጠገባችን ነው። የምንተነፍሰውን አየር 100 እጅ ብንከፍለው 78ቱ እጅ ናይትሮጅን ነው። ነገር ግን በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሁለት ሁለት ሆኖ እጅግ ጠብቆ የተያያዘ ነው። ገብስ ይህን ማያያዣ ፈትቶ ሊመገበው አይችልም። ስንዴም አይችልም። ባቄላም ብቻውን ቢሆን አይችልም። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እንደሚባለው፣ ተክል በናይትሮጅን መካከል ቆሞ ናይትሮጅን ይርበዋል።

ሰው ይህን ማያያዣ ለመፍታት የቻለው በታላቅ ድካም ነው። ሐበር እና ቦሽ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን መንገዱን አገኙ። የመጀመሪያው ትልቅ ፋብሪካም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ዓ.ም. በጀርመን አገር ሥራ ጀመረ። ፋብሪካው ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። አየሩንም ከ100 እጥፍ በላይ መጭመቅ አለበት። ለዚህ ብዙ ጋዝ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ማዳበሪያው በመርከብ ባሕር ይሻገራል፤ በመኪና ተራራ ይወጣል። ደባርቅ ሲደርስ ዋጋው ለምን እንደሚከብድ ከዚህ መገመት ይቻላል።

በባቄላ ሥር የሚኖረው ባክቴሪያ ግን ይህንኑ ሥራ ያለ እሳት፣ በደጋ ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ይሠራዋል። የናይትሮጅኑን ማያያዣ ፈትቶ ለተክል የሚስማማ ምግብ ያደርገዋል። ሥራው ግን ከባድ ነው፤ ብርቱ ስንቅ ይጠይቃል። ባክቴሪያው ጨለማ ውስጥ ነው ያለው። ቅጠል የለውም፤ የፀሐይን ብርሃን ይዞ ስኳር መሥራት አይችልም። ባቄላ ግን ቅጠል አለው፤ ስኳር ይሠራል። ስለዚህ አንዱ ስኳር ይሰጣል፤ ሌላው ናይትሮጅን ይሰጣል። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ አላቸው ማለት ነው።

ስምምነቱ እንዴት እንደሚጀመር ልንገራችሁ፤ ሳነበው እኔን ራሴን ያስገረመኝ ነገር ነው። ባቄላው በቅሎ ሥሩን ሲዘረጋ ከሥሩ አንድ ቅመም ወደ አፈሩ ይለቃል። ይህ ቅመም ጥሪ ነው። በአፈሩ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ጥሪውን ይለየዋል። እርሱም በፈንታው ሌላ ቅመም ለቆ ይመልሳል። ሥሩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች አሉ። መልሱ ሲደርስ የሥሩ ፀጉር እንደ ከዘራ ጫፍ ይታጠፍና ባክቴሪያውን ያቅፈዋል። ከዚያ በቀጭን መተላለፊያ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ቤትም ይሠራለታል። ባክቴሪያው በዚያ ቤት ውስጥ ይራባል። ቤቱም እያበጠ ሄዶ በሥሩ ላይ እንደ ትንሽ እባጭ ይታያል።

ይህን እባጭ ብዙ ሰው አይቶታል። ግን በሽታ ይመስለዋል። አንድ ክረምት ከተማሪዎቼ ጋር በትምህርት ቤቱ ጓሮ ባቄላ ቆፍረን ሥሩን እናጥብ ነበር። አንድ አባት በአጥሩ ሥር ሲያልፉ አዩንና ቆሙ።

«ልጄ፣ ይኸ ባቄላ ታሟል። ኪንታሮት አውጥቷል። ሳይጋባ ንቀሉና ጣሉት» አሉኝ።

«አባቴ፣ ይምጡና ይዩት» ብዬ አንዱን እባጭ በጥፍሬ ሰንጥቄ አሳየኋቸው። ውስጡ ቀይ ነበር።

«ደም አለው እንዴ?» አሉ ደንግጠው።

ደም አይደለም፤ ግን የደም ዘመድ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ነገሩ እንዲህ ነው። ባክቴሪያው ናይትሮጅንን በሚፈታበት ሰዓት ኦክሲጅን የተባለው የአየር ክፍል ከበዛበት ሥራው ይበላሽበታል። ጨርሶ ካጣው ደግሞ መተንፈስ አይችልም። ስለዚህ ኦክሲጅኑ በልክ ሊደርሰው ያስፈልጋል። በእኛ ደም ውስጥ ኦክሲጅን ተሸክሞ የሚዞር ቀይ ነገር አለ። ደማችንን የሚያቀላው እርሱ ነው። በባቄላ እባጭ ውስጥም የእርሱን ዓይነት ቀይ ነገር ይሠራል። ኦክሲጅኑን እየያዘ ለባክቴሪያው በልክ በልክ ያደርስለታል። እባጩ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያው እየሠራ ነው። በአበባ ጊዜ ነጭ ሆኖ ከተገኘ ግን ሥራ የለም ማለት ነው።

እኒያ አባት ነገሩን ሰምተው ዝም አሉ። ቀጥለው ያሉኝን አልረሳውም። «ታዲያ እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ሠራተኛዬን ስነቅል ኖሬያለሁ» አሉ።

ሰዎች ይህን ምስጢር ያወቁት ብዙም ሩቅ ባልሆነ ጊዜ ነው። ሔልሪገል እና ዊልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን አንድ ሙከራ አደረጉ። አሸዋ ወስደው በሙቀት አጸዱት፤ በውስጡ ነፍስ ያለው ነገር እንዳይቀር አደረጉ። በአሸዋው ላይ አተርና አጃ ዘሩ። ናይትሮጅን አልሰጧቸውም። ሁለቱም ቀጨጩ። ቀጥለው ከእርሻ አፈር የተጠለለ ጥቂት ውኃ ጨመሩላቸው። አጃው እንደ ቀጨጨ ቀረ። አተሩ ግን ለመለመ፤ ሥሩም እባጭ አወጣ። በአፈሩ ውኃ ውስጥ የነበረው ባክቴሪያ ነው ያዳነው። ይህን ውጤት አሳትመው ያወጡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ቤየሪንክ የተባለ የሆላንድ ሰው ባክቴሪያውን ለብቻው ለይቶ አወጣው። የደጋው ገበሬ ግን ስሙን ሳያውቀው አስቀድሞ ባቄላና ገብስ ያፈራርቅ ነበር።

እንዲህ ያለ መቀናጆ በሌላም ቦታ አለ። በቀይ ባሕር ውስጥ አበባ የሚመስል፣ ግን ተናዳፊ የሆነ እንስሳ ይኖራል። ሌላ ዓሣ ቢጠጋው በመርዝ ይነድፈዋል። አንድ ትንሽ ባለ ሸንተረር ዓሣ ግን በተናዳፊው ክንዶች መካከል በሰላም ይኖራል። ቆዳው ላይ ያለው ዝልግልግ ነገር ከመነደፍ ያድነዋል። ዓሣው በተናዳፊው ውስጥ ከጠላቱ ይሸሸጋል። በፈንታው ተናዳፊውን ሊበሉ የሚመጡትን ያባርራል፤ ኩሱም ለተናዳፊው ምግብ ይሆናል። እኛ ባሕሩ ሩቃችን ነው። ባቄላው ግን ደጃችን ላይ ነው፤ ወደ እርሱ እንመለስ።

መቀናጆ ሲባል አንዱ ሰነፍ ቢሆንስ? ይህ ጥያቄ ለገበሬ አዲስ አይደለም። በሬውን ሳይቀልብ ለማረስ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ተመራማሪዎች ሶያ ባቄላ ላይ ይህን መርምረዋል። በእባጩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን መስጠት እንዳይችሉ አደረጓቸው። ተክሉ ይህን ሲያውቅ ወደዚያ እባጭ የሚሄደውን ኦክሲጅን ቀነሰ። በዚያ እባጭ ያሉት ባክቴሪያዎችም እንደ ሌሎቹ አልተራቡም። ተክል አፍ የለውም፤ ሒሳብ ግን ያውቃል ማለት ነው።

ባቄላው ራሱም ቢሆን ሁልጊዜ ታማኝ አይደለም። በማሳው ላይ ብዙ ዩሪያ ብትጨምሩለት የተዘጋጀ ናይትሮጅን ያገኛል። ያኔ ስኳሩን ለባክቴሪያ ማካፈል ይተዋል፤ እባጩም ያንሳል። ስለዚህ ለባቄላ ብዙ ዩሪያ መስጠት ገንዘብን ሁለት ጊዜ መጣል ነው። ዩሪያችሁን ለገብሱና ለስንዴው አቆዩት።

አሁን ጥቂት ቁጥር እንሥራ። 1 ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። በደንብ የያዘ ባቄላ በ1 ሄክታር ላይ 100 ኪሎ ናይትሮጅን፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ፣ ከአየር ሊያወርድ ይችላል። 100ን ለ46 ብናካፍል ከ2 ትንሽ ይበልጣል። እንግዲህ ከ2 ኩንታል በላይ ዩሪያ ጋር የሚተካከል ሥራ ነው።

ግን አትቸኩሉ፤ ሒሳቡ አላለቀም። ይህ ሁሉ ለመሬቱ አይቀርም። 1 ኩንታል የባቄላ ፍሬ 4 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ይዟል። ከ1 ሄክታር 20 ኩንታል ብታስገቡ፣ 80 ኪሎው ከእህሉ ጋር ወደ ጎተራ ገባ። ለማሳው የሚተርፈው በሥሩ፣ በረገፈው ቅጠልና በገለባው ውስጥ ያለው ነው። ስለዚህ ባቄላውን ከነሥሩ ነቅለን፣ አውድማ ወስደን፣ ገለባውን ለከብት ሰጥተን፣ የከብቱን እበት ኩበት አድርገን ብናነደው ለማሳው የቀረው ጥቂት ነው። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ወደ አየር ይመለሳል። ባክቴሪያው ክረምቱን ሙሉ ደክሞ ከአየር ያወረደውን እኛ በአንድ ምሽት ወደ አየር እንሰደዋለን።

እንጨት በጠፋበት ደጋ ኩበት አታንድዱ ማለት ቀላል አይደለም። እኔም የማነደው እርሱኑ ነው። ነገር ግን ባቄላውን ከመንቀል በማጭድ ማጨድ ይቻላል። ሥሩ በአፈሩ ውስጥ ቀርቶ ይበሰብሳል። ከአውድማው የቀረውን ብጣሪና ከበረት የተጠረገውን ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ መጨመርም ይቻላል። በሆለታ የእርሻ ምርምር ማዕከል ደግሞ ገብስና ባቄላን በአንድ ማሳ ቀላቅሎ የመዝራት ሙከራ ተደርጎ ነበር። ተቀላቅሎ የተዘራው መሬቱን ለየብቻ ከተዘራው የበለጠ ተጠቅሞበታል። የማሳ ጥበት ላለበት ሰው ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ባክቴሪያው የማይወዳቸው ነገሮችም አሉ። ውኃ የተኛበት መሬት አይስማማውም፤ አየር ያጣል። ስለዚህ በረግረግ ማሳ ላይ ማጠንፈፊያ ቦይ ማውጣት ለባቄላው ብቻ ሳይሆን ለባክቴሪያውም ነው። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነም ይዳከማል። እንዲህ ላለው መሬት የግብርና ባለሙያ ኖራ ያዛል። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ያለው ትልቁ ጠላት ግን ጎርፍ ነው። ጎርፍ የላይኛውን አፈር ሲወስድ በአፈሩ ውስጥ የሚኖረውንም ባክቴሪያ ይዞት ይሄዳል። እርከን የሚጠብቀው አፈሩን ብቻ አይደለም።

ባቄላ ለረጅም ዘመን ባልተዘራበት ማሳ ላይ ባክቴሪያው ጥቂት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ጊዜ የሚሆን መድኃኒት በአገራችን ይሠራል። መናገሻ ባዮቴክ የተባለው ድርጅት ሕያው ባክቴሪያ በጥቁር ዱቄት ውስጥ አድርጎ በትንሽ ከረጢት ያወጣል። ዘሩ በጥቂቱ በስኳር ውኃ ይርሳል። ከዚያ በጥላ ሥር ከዱቄቱ ጋር ይለወሳል። ወዲያው ይዘራል፤ ወዲያው በአፈር ይሸፈናል። ፀሐይ ላይ ከዋለ ባክቴሪያው ይሞታል። በፀረ ተባይ መድኃኒት በታሸ ዘር ላይም አይደረግም።

እዚህ ላይ ማንበብ የቻለ ሰው ከማይችለው ይለያል። በከረጢቱ ላይ ሁለት ነገር ፈልጋችሁ አንብቡ። የመጀመሪያው የእህሉ ስም ነው። ሁሉም ባክቴሪያ ከሁሉም እህል ጋር አይቀናጅም። ለባቄላ የሚሆነው ለአተር፣ ለምስርና ለጓያም ይሆናል። ሽምብራ ግን የራሱ ባክቴሪያ አለው። ጎጃም የሚዘራው ግብጦም የራሱ አለው። የማውቀው አንድ ገበሬ «ሽምብራ» ተብሎ የተጻፈበትን ከረጢት ለባቄላ ተጠቅሞበት ነበር። መድኃኒቱ ጤነኛ ነበር፤ ዘሩም ጤነኛ ነበር። ድካሙ ግን በከንቱ ቀረ። በእጁ የነበረው ከረጢት እውነቱን ተጽፎበት ነበር፤ የሚያነብለት ሰው ግን በማሳው ላይ አልነበረም።

ሁለተኛው ቀኑ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ነፍስ ያለው ነገር ስለሆነ ዕድሜ አለው። ጊዜው ካለፈ የሞተ ዱቄት ነው። ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ከተጻፈ፣ የእነርሱ ዓመት ከእኛ በ7 ወይም በ8 እንደሚበልጥ አትርሱ። ሳታረጋግጡ ገንዘባችሁን አትክፈሉ። ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ፤ ፊደል በፊደል አንብቡ።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን የራሳችሁን ማሳ እዩ። ምናልባት ባክቴሪያው ሞልቶ ይሆናል። በነሐሴ ባቄላው ሲያብብ ከማሳው አራት አምስት ቦታ አንድ አንድ እግር ምረጡ። አትንቀሉት፤ ከነቀላችሁት እባጩ ተቆርጦ በአፈር ውስጥ ይቀራል። ዙሪያውን በዶማ ቆፍራችሁ ከነአፈሩ አንሡት። በባልዲ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ እጠቡት። እባጩ እንደ ምስር ፍሬ ወይም ከዚያ አነስ ያለ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጥቂቱን በጥፍራችሁ ሰንጥቁ።

ደብተራችሁን አውጡና ሦስት ነገር ጻፉ። በአንዱ እግር ላይ ስንት እባጭ አለ? ከሰነጠቃችሁት ስንቱ ቀይ ነው? ስንቱ ነጭ ነው? የማሳውን ስምና ቀኑን ከላይ ጻፉበት። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ማሳ ገብስ ስትዘሩ ደብተሩን አውጥታችሁ ገብሱን ተመልከቱ። ደኅና ሰንብቱ።